ሩትን አልመዘግብም ያለው ፎርም

ባለፈው አንድ ልጅ ቴሌግራም ላይ "ቫሊዴሽን የምትሰራው ፎርሙ ላይ ነው ወይስ ሞዴሉ ላይ?" ብሎ ጠየቀኝ (የሚገባው ዳታ ትክክል መሆኑን የምትፈትሸው ሰው የሚሞላው ገጽ ላይ ነው ወይስ ዳታውን የሚገልጸው ኮድ ላይ ማለቱ ነው)፣ ስራ ላይ ስለነበርኩ በሁለት መስመር መልሼለት አለፍኩ ግን ማታ ስተኛ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ ምክንያቱም እኔ ይሄን ነገር የተማርኩት ከዶክመንቴሽን ሳይሆን ከአንድ ካርድ ክፍል ነው። ስለዚህ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍለት ብዬ ነው።

ለአንድ የግል ክሊኒክ የታካሚ መመዝገቢያ ሲስተም በጃንጎ (በፓይተን ዌብ መስሪያ ነው) ሰርተን ነበር። ካርድ ክፍሉን የያዙት ትልቅ ሴት ናቸው፣ እኛ እትዬ ነው የምንላቸው፣ ኮምፒውተር ብዙ አይወዱም ግን የሰው ስም ሰምተው አይረሱም። ሲስተሙ ስራ በጀመረ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደወሉልኝ። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ ሩትን አልመዘግብም አለኝ እኮ።" ሄጄ አየሁት። ልጅቷ መስኮቱ ጋር ቆማለች፣ እትዬ ስሟን ይጽፋሉ፣ ቀይ ይበራል፣ አጥፍተው ደግመው ይጽፋሉ፣ ያው ቀይ። ከስሩ በእንግሊዝኛ ትክክለኛ ስም ያስገቡ ይላል። ልጅቷ መታወቂያዋን አውጥታ ልታሳያቸው ቦርሳዋን እየፈተሸች ነበር፣ ስሟ ስሟ መሆኑን ልታስረዳ ማለት ነው።

ስም ቢያንስ 3 ፊደል ይሁን የሚል ህግ ነበረበት። ከድሮ ፕሮጀክት ላይ አምጥቼ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በላቲን ሲጻፍ ሩት 4 ፊደል ትሆናለች፣ በኛ ግን ሁለት ናት፣ ሳራም ሁለት፣ ሊያም ሁለት፣ የኛ ፊደል ድምፁን ከነአናባቢው በአንድ ላይ ስለሚይዝ በላቲን የተለካ ርዝመት እኛ ጋር አይሰራም። ለእኔ ሁለት ሰከንድ ያልፈጀች መስመር እዚያ መስኮት ጋር ሰው አቆመች።

ከዛ በኋላ ቁጭ ብዬ የስም ህጎቹን በሙሉ አንድ በአንድ አየኋቸው። ብራውዘሩ ላይ ልንጨምረው ጽፈን ያስቀመጥነው ሬጌክስ (የጽሑፍ ቅርፅ መፈተሻ) ባክስላሽ ደብልዩ (\w) ይጠቀማል፣ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ይቺ ምልክት የምታውቀው የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ከስር መስመር (_) ጋር ነው፣ ግዕዝን ፊደል አትለውም። ፓይተን 3 ላይ ግን ያቺው ምልክት ግዕዙንም ትቀበላለች። ስለዚህ ያው አንድ ህግ ፊት ለፊት "አይሆንም" ይላል፣ ሰርቨሩ "ይሆናል" ይላል። ፊደላችን እኮ ዩኒኮድ (ኮምፒውተር የዓለምን ፊደላት የሚያውቅበት ዝርዝር) ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ጃቫስክሪፕትም ቢሆን የዩኒኮድ ባንዲራውን (u የምትባለውን ማብሪያ) ካበራህለት በየትኛውም ቋንቋ ያለ ፊደል ማለት የምትችልበት መንገድ አለው።

ፊደሉ ቢስተካከልም ግን አያልቅም። ገ/እግዚአብሔር አለ፣ ኃ/ማርያም አለ፣ ያቺ እዝባር (/) ያለችበት ስም መታወቂያ ላይ ሳይቀር እንደዛው ነው የሚጻፈው። ወልደ ማርያም በመሀሉ ክፍት ቦታ አለው። ኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ ሁዻ የምትባለው ጭረት (') የቃሉ አካል ናት፣ እሷን ከጣልካት ቃሉ ሌላ ይሆናል። ብዙ ሰው ደግሞ ያቺን ጭረት ለሴኪዩሪቲ ብሎ ከስም ላይ ያጠፋታል፣ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (በፎርም በኩል የዳታቤዝ ትእዛዝ ሾልኮ መግባት) ፈርቶ ማለት ነው። ወገኖቼ፣ ኢንጀክሽንን የሚከላከለው ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የሚላከውን ትእዛዝ) እና ዳታውን ለይቶ መላክ ነው፣ የጃንጎ ኦአርኤም (ከዳታቤዙ ጋር የሚያወራልህ ክፍል) ያንን ይሰራልሃል፣ ስክሪን ላይ ስታወጣው ደግሞ ቴምፕሌቱ (የገጹ ፋይል) ኢስኬፕ ያደርገዋል፣ ኮድ ሳይሆን ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። የሰው ስም መቁረጥ መከላከያ አይደለም። አሁን ስም ላይ ያስቀረሁት ህግ ባዶ አይሁን፣ ከልክ በላይ አይርዘም፣ ቁጥር አይኑርበት፣ በቃ። ፈርስት ኔም ላስት ኔም የሚለውንም አውጥቼ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አደረግኩት፣ እኛ ጋር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ ላስት ኔም ላይ ግማሹ ሰው አባቱን ግማሹ አያቱን ሲጽፍ ነበር።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልምጣ። ፎርሙ ተስተካክሎ ሁሉም ደስ ብሎት እያለ ክሊኒኩ የድሮ ታካሚዎቹን ኤክሴል ሰጠን፣ እኛም ትንሽ ስክሪፕት ጽፈን በበልክ ክሪኤት (ብዙ መስመር በአንዴ የሚያስገባ የጃንጎ ትእዛዝ) አስገባነው። አንድም ኤረር የለም። ከሆነ ጊዜ በኋላ፣ ጥር 2016 ላይ፣ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች፣ እትዬ ካርዱን ሲያወጡ ስክሪኑ 10 ዓመት ይላል። ልጁ እናቱ ጀርባ ላይ ተኝቷል። እትዬ ስክሪኑን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ከዛ ነርሷ ጋር ከመላካቸው በፊት ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ "2 ዓመት ከ9 ወር" ብለው ጽፈው ካርዱ ላይ ለጠፉ። ለህፃን መድኃኒት የሚታዘዘው በኪሎና በዕድሜ ነው። ያንን ወረቀት ሲያሳዩኝ እጄ ነው የቀዘቀዘው።

የሆነው ምንድነው፣ ኤክሴሉ ላይ 5/8/2013 ይላል፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2013 ማለት ነው በኛ፣ ስክሪፕቱ ግን ኦገስት 5 ብሎ በፈረንጅ ወሰደው። የጃንጎ ሞዴል ሴቭ ሲደረግ ፉል ክሊን የሚባለውን ፍተሻ በራሱ አይጠራም፣ ሞዴል ፎርም (ከሞዴሉ የሚሰራው የጃንጎ ፎርም) ነው የሚጠራለት። በልክ ክሪኤት ደግሞ ሴቭንም ራሱን ዘሎት ነው የሚሄደው። ማለት በፎርም በኩል ካልመጣህ ሞዴሉ ላይ የጻፍከው ቫሊዴተር (መፈተሻ) ዝም ብሎ ተቀምጧል። ስለዚህ ለጠየቀኝ ልጅ መልሴ፣ ብራውዘሩ ላይ ያለው ለሚሞላው ሰው ምቾት ነው፣ ማንም በዴቨሎፐር ቱልስ ያነሳዋል፣ ፎርሙ ላይ ያለው ለዚያ አንድ በር ነው፣ ዳታው ግን በኤክሴልም በኤፒአይም (ከሌላ ፕሮግራም) በአድሚንም (ከማስተዳደሪያ ገጹ) ስለሚገባ ፈጽሞ መጣስ የሌለበት ነገር ዳታቤዙ ላይ ኮንስትሬይንት (ዳታቤዙ ራሱ የሚያስከብረው ህግ) ሆኖ ይቀመጥ፣ ኢምፖርት ስክሪፕትም እያንዳንዱን መስመር ፉል ክሊን ያድርግ፣ ይዘግያል፣ ይዘግይ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ፉል ክሊን ብንጠራም ልጁን አያድነውም ነበር። ይሄ ነው የሚያስጨንቀኝ። 5/8/2013 እኮ ትክክለኛ ቀን ነው። የኛን ቀን እንደ ፈረንጅ ብታነበው የሚከለከለው ምን ምን እንደሆነ ቁጠሩት፣ 13ኛ ወር ስለሌላቸው ጳጉሜ፣ ፌብሯሪ ስለማይደርስ ጥቅምት 30፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 29ም። በዓመት ከ6 እስከ 8 ቀን ብቻ። ሌላው በሙሉ ሰተት ብሎ ይገባል። "የልደት ቀን ከዛሬ አይብለጥ" የሚለው ህግም አይዘውም፣ የኛ ዓመት በ7 ወይ በ8 ስለሚያንስ ሁሌም ያለፈ ቀን ነው የሚመስለው። ጳጉሜ የተወለደ ሰው በኤረር ይድናል፣ ሚያዝያ የተወለደው ዕድሜው ተበላሽቶ ይቀመጣል።

ያደረግነው፣ ወሩን በቁጥር ማስገባት አስቀረን። ዝርዝር ነው የሚወርደው፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ እስከ ጳጉሜ፣ በፈረንጅ የሚያውቅ ሰው ካለ ጃንዩወሪ የሚል ሌላ ዝርዝር ይከፍታል፣ ሚያዝያ ብሎ የመረጠን ሰው ማንም ኦገስት ሊለው አይችልም። ዳታቤዙ ላይ በፈረንጅ የተቀየረው ቀን ይቀመጣል፣ ጎኑ ደግሞ ሰውየው የሰጠው እንዳለ፣ መቀየሪያችን ቢሳሳት መመለሻ እንዲኖረን። ጳጉሜ 6 የሚፈቀደው በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው፣ 2011፣ 2015 እያለ፣ ዓመቱን ለ4 አካፍለህ 3 ሲተርፍ። ይሄን ኮድ እየጻፍኩ እትዬን ብጠይቃቸው ሳያስቡ "ሉቃስ ነዋ" አሉኝ። ቀኑን የማያውቅ ሰው ደግሞ ብዙ ነው፣ ለእሱ ዕድሜ በግምት የሚል ቦታ አለ፣ ግምት መሆኑም አብሮ ይመዘገባል፣ ያለዚያ ሁሉም መስከረም 1 ይወለዳል።

ስልክ ላይ በአጭሩ ልለፍ። በ09 ይጀምር የሚል ህግ ሳፋሪኮም በኛ 2015 መጀመሪያ በ07 ሲመጣ ያረጀ ህግ ነው፣ እስካሁን ግን ያልቀየሩ ሳይቶች አያለሁ። 0911 ብሎም +251911 ብሎም በመሀል ክፍት ቦታ አድርጎም የሚጽፍ አለ፣ ሁሉንም ተቀብለህ ራስህ ወደ አንድ ቅርፅ ቀይረው፣ ሰውየውን አታስጨንቀው። ስልክን ዩኒክ (የማይደገም) ማድረግ ግን ተዉ። ሦስት ልጅ ያላት እናት ለሦስቱም የራሷን ስልክ ነው የምትሰጠው፣ እኛ ሁለተኛውን ልጅ "ቀድሞ ተመዝግቧል" ብለን መልሰን ነበር። ዩኒክ መሆን ያለበት የካርድ ቁጥሩ ነው፣ እሱ ደግሞ የግድ ዳታቤዙ ላይ፣ ኔትወርክ ሲዘገይ እትዬ "መዝግብ" የሚለውን ሁለቴ ይጫኑታል፣ ሁለቱ ሪኩዌስት እኩል መጥተው ሁለቱም "የለም" ብለው አይተው ሁለቱም ይገባሉ፣ ፎርም ላይ ያለ ፍተሻ ይሄን አያስቆመውም።

ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ የሚለውን ደግሞ ማረም የኛ ስራ አይደለም። ሰውየው እንደጻፈው ይቀመጥ። ለፍለጋ ብቻ ሌላ ኮለም አድርገን ሐንም ኀንም ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልሰን እናስቀምጣለን፣ ፀሐይ ብለህ ብትፈልግ ጸሀይም ይመጣል፣ ካርዱ ላይ የሚታተመው ግን የራሱ አጻጻፍ ነው።

የስህተት መልእክቶቹን በሙሉ ከእትዬ ጋር ቁጭ ብለን በአማርኛ ጻፍናቸው። "ስልኩ አንድ ቁጥር ይጎድለዋል" ይላል አሁን፣ የተሞላውም አይጠፋም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወሉ። "የኔ ልጅ፣ ትናንት ማታ የተወለደ ህፃን አለ፣ ስም ገና አላወጡለትም፣ ይሄ ነገር ደግሞ ስም ካልሰጠኸኝ አልንቀሳቀስም ይላል፣ ምን ልበለው?" ስም ባዶ አይሁን፣ የቀረችኝ እርግጠኛ የሆንኩባት ህግ እሷ ነበረች። እስካሁን ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቅኳቸው፣ "ህፃን ብዬ እጽፋለሁ" አሉኝ፣ ዳታቤዙን ሳየው ህፃን የሚባሉ ሰዎች ሞልተውበታል፣ አንዳንዶቹ አሁን ስም አላቸው፣ ሁለተኛ ካርድ ወጥቶላቸዋል። አሁን አራስ ከሆነ ስሙ ባዶ ሆኖ ከእናቱ ካርድ ጋር የሚያያዝበትን እየሰራሁ ነው፣ ኮንስትሬይንቱ "ወይ ስም ይኑረው ወይ እናቱ ትታወቅ" የሚል ሆኗል፣ የድሮዎቹን ህፃናት ደግሞ ቅዳሜ እትዬ ጋር ሄጄ አንድ በአንድ ከእናቶቻቸው ጋር እናገናኛቸዋለን።