የደጋኔን ማነጣጠሪያ ሳስተካክል ማንም ያልነገረኝ ነገር

ኮምፓውንድ ደጋን (ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ዘመናዊ ደጋን) ላይ ማነጣጠሪያ መግጠም ሁለት ብሎን ማጥበቅ ነው፤ አለቀ። ፒኖቹም፣ ማለትም ለየርቀቱ የምናነጣጥርባቸው ትንንሽ ነጥቦች፣ አንድ ሕግ ነው ያላቸው፦ ፒኑን ፍላጻው ወደሳተበት ውሰዱት። ግራ ከመታ ወደ ግራ፣ ከፍ ካለ ወደ ላይ። መመሪያው በ20 ያርድ፣ ማለትም በ18 ሜትር ገደማ፣ ጀምሩ ይላል። እኔ በ10 ጀምሩ ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ፍላጻ ስትፈልጉ አትውሉም። አንድ ፍላጻ አይታችሁም ብሎን አትንኩ። ሦስት ልቀቁና መሃላቸውን ተመልከቱ።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። ሜዳ ላይ 20፣ 30፣ 40 ያርድ፣ ሁሉም ቦታው ላይ ነበር። ቁልቁል ስተኩስ ግን ፍላጻዎቹ በሙሉ ወደ ቀኝ! ማነጣጠሪያው ላይ ያለው የውሃ ልክ አረፋ መሃል ላይ ነው። ንፋስ የለም። የገጠመልኝን ባለሙያ ብጠይቀው «እጅህ ነው፣ ተለማመድ» አለኝ። ፒኑን ወደ ቀኝ ስገፋው ቁልቁለቱ ተስተካከለ፣ ሜዳው ተበላሸ። ሽቅብ ስተኩስ ደግሞ ጭራሽ ወደ ግራ ሄደ። እጅ እንዲህ በሥርዓት አይሳሳትም።

ጣጣው ሦስተኛው አክሲስ (የማነጣጠሪያው ሦስተኛ የመዞሪያ አቅጣጫ) የሚባለው ነው። ፒኖቹን የያዘው ቀለበት እንደ በር ወደ ተኳሹ ወይም ወደ ዒላማው ሊዞር ይችላል። ትንሽ ከዞረ ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅም። ቁልቁል ወይም ሽቅብ ስታነጣጥሩ ግን ውሃ ልኩ ይዋሻል፤ አረፋዋን መሃል ለማምጣት ስትሉ ደጋኑን ሳታውቁት ታጋድላላችሁ። መመሪያው ይህን «ለላቁ ተኳሾች» ብሎ መጨረሻ ላይ ወሽቆታል። ተዳፋት ላይ የቆመ ሁሉ የላቀ ነው እንዴ?

መጀመሪያ ደጋኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም ውሃ ልኩ መሃል መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ዒላማው አጠገብ፣ ቱንቢ አንጠልጥሉ። ፍላጻ አስገብታችሁ ሳቡ፤ ባዶ አውታር ካመለጠ ደጋን ይሰብራል። ጣታችሁን ከመልቀቂያው አርቁ። የፒኖቹን መደዳ ከቱንቢው ገመድ ጋር አጋጥሙ። አረፋዋ ከሸሸች የሳባችሁትን አውታር ሳትለቁ ቀስ ብላችሁ መልሱ፣ የሦስተኛውን አክሲስ ብሎን አላልታችሁ ቀለበቱን ቅንጣት ታህል አዙሩና ድገሙት። አሰልቺ ነው፤ ግን ያኔ ገና ፒኖቹን ማስተካከል ትርጉም ይኖረዋል። እኔ ሁሉንም እንደ አዲስ ነው የጀመርኩት።

አውታሩ አዲስ ከሆነ ደግሞ አትቸኩሉ። እስኪለጠጥ ድረስ ፒፑ (አውታሩ ላይ ያለችው የማያ ቀዳዳ) ይዞራል፣ ፒኖቹም ቦታቸውን ይለቃሉ። የፍላጻ ክብደት ከቀየራችሁም እንደገና ነው። ሲያልቅ የብሎኖቹን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ንዝረት ያላላቸዋል።