ጣቶቼና የደም ምርመራው

የጀበናዬን እጀታ ጠዋት ላይ መጨበጥ ካቃተኝ አራት ወር ሆነኝ። ጣቶቼ አብጠው ነው የምነሳው፣ እስኪፍታቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። "ብርድ ነው" ሲሉኝ ቅባት ስቀባ ከረምኩ።

መጨረሻ ላይ ደም ሰጠሁ። አርኤፍ የሚባለው፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ሲጠረጠር የሚታየው ምርመራ ኔጌቲቭ ሲባል እፎይ አልኩ። ለካስ በሽታው እያለባቸውም ኔጌቲቭ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ፤ በተቃራኒው ደግሞ ቲቢ ወይም ሄፓታይተስ ሲ ያለበት፣ አንዳንዴም ጭራሽ ጤነኛ የሆነ ሰው ላይ ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ኢኤስአር የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ማለቱም ብግነት (የሰውነት መቆጣት) እንዳለ ይጠቁማል እንጂ ከምን እንደመጣ አይናገርም። አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ሌላ የደም ምርመራ ግን ከአርኤፍ ይልቅ ሩማቶይድ አርትራይተስን ለይቶ ያሳያል። የኔ ፖዘቲቭ የወጣው እሱ ነው።

ደስ ያለኝ ሐኪሟ ናት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና መጀመሪያ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገች አየች።