ወረቀት ላይ የበቀለ ቤት

ድሬዳዋ ውስጥ ቅየሳ የሚሠራ ሰው በጠዋት መውጣት አለበት። ረፋዱ ላይ ፀሐዩ አያስቆምም፤ ከሰዓት ደግሞ ሰው ሁሉ በርጫ ላይ ነው፣ አዋሳኝ ጥራ ቢሉት የሚነሳ የለም።

ደንበኛችን አረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ጎልማሳ ነው። በመልካ ጀብዱ በኩል ቦታ ገዝቷል። ልኩ ተወስዶለት ካርታ ሊያወጣ አስቧል። ውሉን ባጃጅ ውስጥ አነበብኩት። “ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤቴን ሸጫለሁ” ይላል፤ ሦስት እማኞች ፈርመዋል። ስንደርስ ያለው የቁልቋል አጥር፣ አንድ ግራርና ማሽላ ነው።

“ወንድሜ፣ ቤቱ የታለ?” አልኩት።

“አቦ አንተ ደግሞ! ደላላው ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጽፈው ብሎኛል።”

ደላላው አልዋሸም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ መሬቱ ይሸጥና ወረቀቱ ላይ ቤት ይበቅላል።

ጂፒኤሱን ተክለን፣ አናታቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች መምታት ጀመርን። ዞር ስንል አንዲት እናት ከማሽላው መሃል ብቅ አሉ። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው አንዱን ችካል ወዝወዝ አድርገው ነቀሉት። አፈሩን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡኝ።

“እንካ ልጄ፣ እንጨቱ ያንተ ነው። መሬቱ ግን የአባቴ ነው።”

የሻጩ እህት ናቸው። ውርሱ ገና አልተከፋፈለም። መሸጡን ያወቁት በኛ መዶሻ ድምፅ ነው። ገዢው የወንድማቸውን ፊርማ ቢያሳያቸው ዞር ብለውም አላዩት።

እኔን የከበደኝ የቀረውን ለገዢው ማስረዳት ነበር። ከተማው ወደዚያ እየሰፋ ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም እዚያው በኩል ነው። ነገ ቦታው ለልማት ቢፈለግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚያገኘው ሕጋዊ ባለይዞታ ነው። የሱ ስም ያለው እጁ ላይ ባለችው ወረቀት ብቻ ነው። ዝም ብሎ ሰማኝና “ታዲያ ይሄን ቀድሞ የሚነግር ሰው ጠፋ?” አለኝ። አንጀቴን በላው።

ሽማግሌ ገብቶ ገንዘቡ ተመለሰለት፤ ሙሉው ግን አይደለም። የደላላው ኮሚሽን ከነስልኩ ጠፍቷል።

አሁን ዳር ዳሩን ቦታ ለካልኝ የሚል ሲመጣ፣ ችካል ከመምታታችን በፊት አዋሳኞችንና የሻጩን እህት ወንድሞች ጥራልን እንለዋለን። አንዳንዱ “ነገር አታብዙብኝ” ብሎ ጥሎን ይሄዳል። ሌላ ቀያሽ አያጣም።