አንኮበር ለሚያድር ሰው

የሸዋ ነገሥታት የጥንት መናገሻ ወደ ነበረችው አንኮበር የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ማልዶ ከአዲስ አበባ ይነሳል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ቁርሱን ይበላል፣ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር ሲደርስ ቀትር ሆኗል። ወጥቶ ጉም ያያል፣ ጉሙን ፎቶ ያነሳል፣ ይመለሳል። ይህ የዕድል ነገር አይደለም። ፀሐይ በበረታች ቁጥር በቆላው የሞቀው አየር ገደሉን ታኮ ሽቅብ ይወጣል፤ ከፍ ባለ መጠን ይቀዘቅዛል፣ የተሸከመው እርጥበትም ጉም ሆኖ አፋፉን ይሸፍናል። ስለዚህ አንኮበር ላይ ሊታይ የሚገባው ነገር አብዛኛው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ያለው ነው። ለዚያ ደግሞ እዚያው ማደር ያስፈልጋል።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሕዝብ ማመላለሻ የምትሄዱ ከሆነ ደብረ ብርሃን ከቀትር በፊት ድረሱ፤ ወደ ማታ ተሳፋሪ ስለሚሳሳ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቁ ይረዝማል። ሹፌሩን «አንኮበር» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ናት፣ የጥንቱ ከተማ ኮረብታ ደግሞ ከእሷ አልፎ ነው፤ የት መውረድ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከመነሳታችሁ በፊት ወደምታድሩበት ቤት ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ በዚያው ስልክ ውሃና መብራት መኖሩንም ጠይቁ።

ኮረብታው አጭር ግን ቀጥ ያለ አቀበት ነው። ከቆላ የመጣ ሰው በየሃምሳ እርምጃው ቆም ቢል ያዋጣዋል፤ ትንፋሽ የሚያጥረው ከፍታው አየሩን ስላሳሳው እንጂ ጉልበት ስለጎደለው አይደለም። ከላይ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈው የድንጋይ ግንብ አለ። ላዩ ላይ አትውጡ፤ ያረጀ ኖራ ሰው ሲረግጠው ይፈርሳል፣ የፈረሰው ደግሞ አይመለስም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሸዋን የገዙት እዚህ ሆነው ነው፤ በ1841 ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር ውል የተፈራረሙትም በዚሁ ዘመን ነው። በኋላ የልጅ ልጃቸው ምኒልክ መናገሻውን ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አዛወሩት። ነገሥታቱ ለምን ይህን ቦታ እንደመረጡ ለመረዳት ጀርባችሁን ለግንቡ ሰጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ፦ ከአዋሽ ቆላ የሚወጣ ሲራራ ነጋዴም ሆነ ጦር ሳይታይ አያልፍም። ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ የሚታወቁት አብያተ ክርስቲያናት ማርያም፣ ሚካኤል፣ መድኃኔዓለም፣ ጊዮርጊስና ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ነጠላ ያዙ፤ ፎቶ ማንሳት የምትፈልጉ ከሆነ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ አባቶችን አስፈቅዱ።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የገደሉ አፋፍ ነው። ጀንበር ስትወጣ፣ ማለትም ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ግድም፣ እዚያ መገኘት አለባችሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን በገደሉ ላይ ያድራሉ፤ ፀሐይ ሲሞቃቸው አንድ ባንድ ወደ ሜዳው ይወጡና ሣር መንጨት ይጀምራሉ። አብዛኛው ምግባቸው ሣር ስለሆነ ረጅም ሰዓት ቁጭ ብለው ይነጫሉ፤ ለማየት የሚመቹትም ለዚህ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት አቀማመጥ ላይ ነው። በመንጋውና በገደሉ መካከል አትግቡ። ገደሉ መሸሻቸው ነው፤ መሸሻቸውን የዘጋባቸውን ሰው አይታገሡም፣ ደንብረው ይበተናሉ። ከሜዳው በኩል፣ አሥር አሥራ አምስት ሜትር ርቃችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ከታገሣችሁ ራሳቸው እየነጩ ይቀርቧችኋል። ሙዝም ዳቦም አትስጧቸው፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ መንጋ ሰው መፍራቱን ይተውና የገበሬውን ገብስ ይወርራል፣ ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬው ነው።

በዚሁ አፋፍ ላይ የአንኮበር ሰሪን የምትባል ትንሽ ወፍ ትገኛለች። በሳይንስ የታወቀችው በ1976 (በአውሮፓውያን) ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም። ቡናማ፣ ሰረዝ ሰረዝ ያለባት፣ ለዓይን የማትስብ ናት፤ ስለዚህ ሰው አጠገቧ ቆሞ ያልፋታል። መልኳን ሳይሆን ሁኔታዋን ፈልጉ፦ ትናንሽ ወፎች በቡድን ሆነው ድንጋያማና ሣራማ ቁልቁለት ላይ መሬት ለመሬት ዘር ሲለቅሙ፣ ከዚያ በአንዴ ተነስተው ገደሉን ተከትለው ሲወርዱ። ነፋስ ሲነሳ ወደ ሥር ስለሚሸሸጉ ከማለዳ ውጭ ማግኘቱ ያስቸግራል። ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያቀርብ በብርድ በሚንቀጠቀጥ እጅ ምስሉን ያወዛውዘዋል።

ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ወደ አልዩ አምባ ውረዱ። በነገሥታቱ ዘመን አሞሌ ጨውና ቡና የሚተላለፍባት፣ የሐረር ነጋዴዎች የሚኖሩባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ዛሬም በገበያ ቀን አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኙባታል፤ ከሌላ ቀን ይልቅ በዚያ ቀን መውረዱ የተሻለ ነው። ለእግረኛ ቁልቁል ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከዚህ ጉዞ በፊት የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ የጫማ ክራችሁንም ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ካልሆነ እግር ወደፊት እየተንሸራተተ ጣቶቻችሁን ያቆስላል። በየ1000 ሜትር ቁልቁለት ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር ጠዋት የለበሳችሁት ሹራብ እኩለ ቀን ሸክም ይሆናል፤ የሚደራረብ ቀጭን ልብስ ያዙ። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ ዝቅተኛው ነው። አንድ ነገር አደራ፦ በእግር ወርዳችሁ በዚያው ቀን በእግር ለመውጣት አታስቡ። የከሰዓት ፀሐይ፣ አቀበቱና የደከመ ጉልበት ሲደመሩ መሽቶ መንገድ ላይ ያስቀራል። የመመለሻ መኪናችሁን ገበያው ሳይበተን ያዙ።

ወፍ ዋሻ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ገደሉን ይዞ የተዘረጋ ጥንታዊ ደን ነው፤ ሙሉ ቀንና የአካባቢ መሪ ይፈልጋል። የከብቱና የሰው መንገድ ስለሚጠላለፍ ያለ መሪ መጥፋት ቀላል ነው። ዛፎቹን ለመለየት ቅጠሉን ዳስሱ፦ የዝግባ ቅጠል ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ነው፣ የጥድ እንደ ቅርፊት የተደራረበና ሲሹት የሚሸት ነው፣ ኮሶ ደግሞ በተንዠረገገው ቀይ አበባው ይታወቃል። የኮሶ አበባ ለመድኃኒት ብሎ የሚለቅም እንግዳ አይጠፋም፤ ተዉት፤ መጠኑ ያለፈ ኮሶ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። ሳማ ስለሚበዛ ረጅም ሱሪ ልበሱ። ጉሬዛ ለማየት ቀና ብላችሁ ከመፈለግ ይልቅ ዝም ብላችሁ የቅርንጫፍ ኮሽታ ስሙ።

ለስንቅ ከበሶ የሚበልጥ አላውቅም። ለአንድ ሰው ለቀን ሁለት የሻይ ብርጭቆ ዱቄት በደረቁ ያዙ፤ ጨው ቀድማችሁ ቀላቅሉበት። መብያው ሲደርስ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጀምሩ፣ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ እሹ፣ በፍስክ አንድ ማንኪያ ቅቤ፣ በጾም ማር ጨምራችሁ ጨብጡት። ጠዋት ተጨብጦ የሚያዝ በሶ ከሰዓት በኋላ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ውሃ ከበዛበት ደግሞ በሙቀት ይኮመጥጣል።

ማታውን አትናቁት። ከኅዳር እስከ ጥር ደጋው ላይ ውርጭ ይጥላል። ብርድ ለመከላከል አረቄ የሚጠጣ ሰው ይሞቀዋል የሚመስለው ደሙ ወደ ቆዳው ስለሚመጣ ነው፤ ሙቀቱ የሚወጣውም በዚያው በኩል ነው። ሻይ፣ ገብስ ሾርባ፣ ከዚያ ከብርድ ልብሱ በላይ ባና (ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ)።

ባና መግዛት የሚፈልግ ከመንዝ በግ ሱፍ የተሠራውን ከፋብሪካ ክር መለየት አለበት። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት አቃጥሉ። ሱፍ ከሆነ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፍራል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። የተቀላቀለ ከሆነ ሁለቱንም ያሳያችኋል፤ ያኔ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ። ስታጥቡት ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፤ ሙቅ ውሃና ማሸት ሱፉን ያጣብቀውና ባናው ያጥራል። አትጭመቁት፣ ጠቅልላችሁ ውሃውን በመጫን አውጡት፣ ጥላ ላይ ዘርጉት። እርጥብ ባና በገመድ ላይ ከተንጠለጠለ በራሱ ክብደት ይለጠጣል፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ማድረቁ ይሻላል።