ውሃ የማይገባው የርቀት ሴንሰር፦ ጣጣው ያለው ቅርቡ ላይ ነው

የታንከሩ ውሃ መለኪያ አሁን ቁጥሩ ሳይዘል እያነበበ ነው። ተመሳሳይ ነገር ለምትሠሩ፣ ለውጥ ያመጣው ምን እንደሆነ ላካፍላችሁ።

ሞጁሉ ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ነው፤ ኮድ ከሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ፣ ከአርዱዪኖ ኡኖ ጋር። ሴንሰሩ ከላይ ሆኖ ወደ ውሃው ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ ከወሰደው ጊዜ ርቀቱ ይሰላል። ገመዱ አራት ብቻ ነው፦ 5 ቮልት፣ ግራውንድ፣ ትሪገር («ድምፅ ላክ» የሚለው ትእዛዝ)፣ ኤኮ (የጊዜው ምልክት የሚመጣበት)። የኤኮው ቮልቴጅ ከፍ ብሎ የቆየበትን ማይክሮሰከንድ በ0.0343 አባዝታችሁ ለ2 ስታካፍሉ ሳንቲሜትሩ ይወጣል። ትሪገሩን 20 ማይክሮሰከንድ አቆዩት፤ የተለመደው 10 ለአንዳንዱ ሞጁል አይበቃም። ሰሌዳችሁ በአርዱዪኖ ፈንታ በ3.3 ቮልት የሚሠራው ኢኤስፒ32 ከሆነ የኤኮውን 5 ቮልት በ1 እና በ2 ኪሎኦም ሬዚስተር ከፋፍላችሁ ወደ 3.3 አውርዱት።

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ውሃ የማይቋቋመው የተለመደው ሴንሰር፣ ኤችሲ-ኤስአር04፣ መላኪያና መቀበያው ለየብቻ ስለሆነ ከ2 ሳንቲሜትር ጀምሮ ያነባል። ውሃ የማይገባው ግን የሚልከውም የሚቀበለውም አንድ ጭንቅላት ነው። የ40 ኪሎኸርትዙን ድምፅ ከላከ በኋላ፣ እንደተመታ ደወል፣ ለጥቂት ጊዜ መንዘሩን ይቀጥላል። በዚያ መሃል የሚመለስ ድምፅ አይለይም። ስለዚህ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር በታች ያለውን አትመኑት። አደገኛው ነገር ሁልጊዜ «አልቻልኩም» አለማለቱ ነው፦ ውሃው 15 ሳንቲሜትር ላይ እያለ፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ የመጣውን ድምፅ ይዞ 30 ሊል ይችላል። ታንከሩ እየሞላ ንባቡ የጎደለ ይመስላል፤ ፓምፑም አይቆምም።

ይህን በኮድ ለማስተካከል መድከም ከንቱ ነው። ሴንሰሩን ውሃው ሊደርስ ከሚችለው ከፍታ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉት። በቀጭን ቱቦ ከፍ ማድረግን አልመክርም፤ የቱቦው ግድግዳና ጠርዝ ራሱ ድምፅ ይመልሳል። ፓምፕ የምታዙበት ከሆነ ደግሞ ለብቻው የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ስዊች ጨምሩ። እኔ ይህን እንደ ተጨማሪ ሳይሆን እንደ ግዴታ ነው የማየው።

አገጣጠሙም ንዝረቱን ያራዝማል። ጭንቅላቱን ጠንካራ ክዳን ላይ አጥብቃችሁ አትሰሩት፤ የጎማ ቀለበት በመሃል ይኑር። ሲሊኮን ከኋላ በኩል ብቻ፤ ፊቱ ላይ ጠብታ ሲሊኮን እንኳ መቅረት የለበትም። ድምፁ ሰፍቶ ስለሚሄድ ከታንከሩ ግድግዳና ከመግቢያው ቧንቧ አርቁት።

የጭንቅላቱን ገመድ አትቀጥሉ፤ የሚመለሰው ሲግናል ደካማ ነው። ማርዘም ካስፈለገ ከሞጁሉ ወደ አርዱዪኖ ያለውን አርዝሙ። ውሃ የሚቋቋመው ጭንቅላቱ እንጂ ሰሌዳው አይደለም፤ በደንብ የሚገጥም ሳጥን ይፈልጋል።

አማካይ ማውጣትን አልወደውም፤ አንድ የተሳሳተ ንባብ ሁሉን ያበላሻል። በ60 ሚሊሰከንድ ልዩነት 7 ጊዜ አንብባችሁ፣ በቅደም ተከተል ደርድራችሁ፣ የመሃለኛውን ውሰዱ።

0.0343 የሚሠራው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። አየሩ በ10 ዲግሪ ሲለወጥ 2 ሜትር ላይ 3.5 ሳንቲሜትር ገደማ ትስታላችሁ። ዲኤስ18ቢ20 ቴርሞሜትር ስትጨምሩ ውሃው ውስጥ ሳይሆን ድምፁ በሚያልፍበት አየር ላይ፣ ከክዳኑ ሥር አንጠልጥሉት።