ኪሎዬ ሲቆም ረሃቤ ተመለሰ

ዛሬም ከእራት በኋላ ራበኝ። ሆድ ባዶ ሲሆን የሚሞረሙረው ዓይነት ረሃብ አይደለም። ዓሣውንም ሰላጣውንም በልቼ፣ ሆዴ ሞልቶ እያለ፣ ሐሳቤ ግን ከምግብ አልላቀቅ ይላል። መጽሐፍ አነሳሁ፤ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ቺዝ ትዝ አለኝ። ሄጄ ቆረጥኩና የኩሽናው ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ሁለት አውራ ጣት የምታክል ቁራጭ 30 ግራም ሆነች። ወደ 120 ካሎሪ መሆኗ ነው። ቁጭ ብዬ፣ ቀስ ብዬ በላኋት። አሁንም ይርበኛል።

ካርቦሃይድሬት በቀነስኩ ሰሞን እንዲህ አልነበረም። ዳቦውን፣ ሩዙን፣ ፓስታውንና ስኳሩን እንደተውኩ ረሃብ ጭራሽ የረሳኝ መስሎኝ ነበር። ጠዋት እንቁላል ከበላሁ እስከ ከሰዓት በኋላ ምግብ አያምረኝም። ሚዛን ላይ በወጣሁ ቁጥር ኪሎው ቀንሶ ይጠብቀኛል፤ ልብሴ ሰፋ፣ ደረጃ ስወጣ መተንፈስ ቀለለኝ።

ያኔ በፍጥነት ከቀነስኩት ኪሎ ብዙው ውሃ ነበር። ሰውነት ከካርቦሃይድሬት ካገኘው ስኳር የተወሰነውን ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ጉበት ውስጥ 100 ግራም አካባቢ፣ ጡንቻ ውስጥ ደግሞ 400 ግራም ገደማ። እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ይህ ክምችት ይጎድላል፣ ውሃውም አብሮት ይሄዳል። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ዝቅ ስለሚል ደግሞ ኩላሊት ከወትሮው የበለጠ ጨው ያስወጣል፣ ጨውን ተከትሎ ተጨማሪ ውሃ ይወጣል። ስለዚህ ኪሎዬ መቀነሱን ያቆመበትን የአሁኑን ወር ከዚያ የመጀመሪያ ሳምንት ጋር ማወዳደር አልፈልግም። ስብ በዚያ ፍጥነት አይቀልጥም።

እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን የኪሎው መቆም ሳይሆን የረሃቡ መመለስ ነው። ለምን አሁን? የምበላው ብዙም አልተለወጠም፣ ሰዓቴም አልተዛባም።

መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት አንድ ጥናት ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። 50 ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ለ10 ሳምንታት በጣም ዝቅተኛ ካሎሪ ያለው ምግብ ተሰጣቸው። ከክብደታቸው ጋር ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን፣ ማለትም ስብ ራሱ የሚያመነጨውና ለአንጎል «ስንቅ አለን» የሚለው፣ ወረደ። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን፣ ግሬሊን፣ ደግሞ ከፍ አለ። እስከዚህ የሚጠበቅ ነው። ዓመት ቆይተው ሲለኳቸው ግን ሆርሞኖቹ ወደ ቀድሞው ቦታቸው አልተመለሱም፤ ሰዎቹም ከመጀመሪያው ይልቅ እንደሚርባቸው ተናገሩ። ይህን ሳነብ አዘንኩም፣ እፎይም አልኩ። ያዘንኩት መንገዱ ረጅም መሆኑን ስላወቅሁ ነው። እፎይ ያልኩት ደግሞ የሚሰማኝ ነገር እውነት መሆኑን የሚመሰክርልኝ ስላገኘሁ።

በመጀመሪያው ሰሞን ረሃቡ ጸጥ ማለቱም ምክንያት አለው። ካርቦሃይድሬት በጣም ሲያንስ ጉበት ከስብ ኪቶን የሚባል፣ ሰውነት በስኳር ፈንታ የሚያቃጥለው ነዳጅ ይሠራል፤ ሰው በዚያ ሁኔታ ውስጥ እያለ ክብደት ቢቀንስም ግሬሊን እንደሌላው ጊዜ አይጨምርም። ወደ ተራ ምግብ ሲመለስ ግን ረሃቡም ይመለሳል። እኔ አሁን ፍራፍሬም ምስርም ትንሽ ትንሽ እበላለሁ፤ ካርቦሃይድሬቴ ዝቅ ያለ ነው እንጂ ብዙዎች ኪቶ የሚሉት፣ በቀን ከ50 ግራም በታች የሆነው አይደለም። ወደዚያ መመለስ እችላለሁ። ግን ዕድሜ ልኬን ልኖርበት የማልችለውን አመጋገብ ረሃብ ለማስታገስ ብቻ መያዝ አልሻም።

ሌላም ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ። የስኳር ሕመምተኞች ግሉኮስን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ወሰዱ። ካሎሪ እየከሰሩ መሆኑ አይታወቃቸውም፤ ዳየት ላይ አይደሉም፣ የከለከላቸውም የለም። ያም ሆኖ ለቀነሱት ለእያንዳንዱ ኪሎ የምግብ ፍላጎታቸው በቀን ወደ 100 ካሎሪ ጨመረ። ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ግን ለአንድ ኪሎ የቀነሰው ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ብቻ ነበር። እንግዲህ ኪሎ የሚቆመው በአብዛኛው የሰውነት ማቃጠል ስለተዳከመ ሳይሆን ፍላጎት ስለበረታ ነው። እኔ ላይም የሚሆነው ይኸው ይመስለኛል። እነዚያ ሰዎች ስለ ዳየት ሳያስቡ ረሃባቸው ከጨመረ፣ የእኔ ረሃብ የወኔ ማነስ ሊባል አይገባም። «ጠንክሪ እንጂ፣ ከእራት በኋላ አፍሽን ዝጊ» የሚሉኝ ወዳጆቼ በቀና ልብ እንደሚናገሩ አውቃለሁ። ንግግራቸው ግን ይጎዳል። ረሃብን ከሰነፍነት የሚቆጥር ሁሉ የሚራበውን ሰው ከራሱ ጋር ያጣላዋል።

«ስብ ጨምሪ፣ ያጠግብሻል» የሚለውም ምክር አይዋጥልኝም። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ነው፣ ፕሮቲን 4፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ይደርሳል። ሰውነቴ የራሱን ስብ እንዲያወጣ ከፈለግሁ ሳህኔ ላይ ሌላ ስብ ማፍሰስ አልችልም። ፕሮቲን ግን በእውነት ይይዘኛል። ከበዛ ዓሣና ከብሮኮሊ ጋር ያለፈ ምሳ እና ከለውዝና ከቺዝ ጋር ያለፈ ምሳ ካሎሪያቸው ቢቀራረብም ማታ የሚያመጡት ስሜት አይገናኝም።

ሚዛኑንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ከወር አበባዬ በፊት ባሉት ቀናት ሰውነቴ ውሃ ይይዛል፤ ጨው የበዛበት እራት በልቼ ባደርኩ ማግስት ደግሞ አንድ ኪሎ ተጨምሮ አገኘዋለሁ። በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ስብ አይጨመርም። እንቅልፍ ባጣሁባቸው ቀናት ደግሞ ረሃቡ እጥፍ ይሆናል፤ ያን ቀን ፍላጎቴ ሁሉ ጣፋጭና ዳቦ ላይ ነው።

ካርቦሃይድሬት መቀነስን የያዝኩት ከሌላው ሁሉ ይበልጣል ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎችን ዓመት ተከታትሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ፣ ስብ የቀነሱት 5.3 ኪሎ መቀነሳቸውን አሳይቷል፤ ይህ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አይደለም። እኔ የምወደው ከምሳ በኋላ ይጫነኝ የነበረው ድካም ስለተወኝ ነው። ያ ብቻ ይበቃኛል።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ለሚቀጥሉት ወራት ተጨማሪ ኪሎ አላሳድድም፤ የቀነስኩት እንዳይመለስ እጠብቃለሁ። ይህም ሥራ ነው፣ ቀላልም አይደለም። ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ እወጣለሁ። ከእራት በኋላ ሲርበኝ ስኳር የሌለበት እርጎ እበላለሁ፣ ተደብቄም አልበላም። ሐኪሜ ዘንድ ስሄድ ደግሞ ይህን ረሃብ ሳልሸፋፍን እነግራታለሁ፣ የምግብ ፍላጎትን ስለሚቀንሱት መድኃኒቶችም እጠይቃታለሁ። ነገ ቁርስ ላይ እንቁላሉን ሦስት አደርገዋለሁ።