የተጨባበጡት እጆች

ዛሬ ከሥራ ስመለስ በርሊን ፍሪድሪሽ ጎዳና ላይ ወርጄ አድሚራልስፓላስት ከሚባለው ቲያትር ቤት ፊት ለፊት ጥቂት ቆምሁ (ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በኤፕሪል 1946 ኮሚኒስቱ ቪልሄልም ፒክና ሶሻል ዴሞክራቱ ኦቶ ግሮተቮል በዚህ አዳራሽ ተጨባብጠው ሁለቱን ፓርቲዎች አዋሐዱ፤ የተጨባበጡት እጆችም በኋላ ምሥራቅ ጀርመንን የገዛው የአዲሱ ፓርቲ፣ የጀርመን የሶሻሊስት አንድነት ፓርቲ፣ ዓርማ ሆኑ።

ምሥራቅ ጀርመን ሲባል ድሮ ትዝ የሚለኝ በ1961 የተሠራው ግንብ ነበር። አሁን ግን አፈናው ከዚህ መድረክ፣ ያውም «አንድነት» ከሚለው የተወደደ ቃል እንደ ተነሣ አምናለሁ። ቃሉ ብዙዎችን በእውነት ይማርክ ነበር፤ የሁለቱ ፓርቲዎች ጠብ ለሂትለር መንገድ እንደ ጠረገ የሚያስቡ፣ በናዚ እስር ቤቶች አብረው የማቀቁ ሰዎች መታረቅን ከልባቸው ይመኙ ነበርና።

ኮሚኒስቶቹ በጁን 1945 ባወጡት ጥሪ የሶቪየትን ሥርዓት በጀርመን ላይ መጫን ስሕተት እንደሆነ ገልጸው ነበር። በኖቬምበር የኦስትሪያ ኮሚኒስቶች ከ165 የምክር ቤት መቀመጫዎች 4 ብቻ ሲያገኙ ግን ውሕደቱ አጣዳፊ ሆነ። በማርች 1946 የምዕራብ በርሊን ሶሻል ዴሞክራቶች ድምፅ ሰጥተው 82 በመቶው አፋጣኝ ውሕደትን ተቃወሙ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየቶች በያዙት ቀጠና ግን ድምፅ መስጠት ታገደ። እምቢ ካሉት መካከል የታሰሩ ነበሩ፤ ናዚዎች የገነቡት ቡኸንቫልድም እስከ 1950 የሶቪየቶች ማጎሪያ ሆኖ አገልግሏል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይደማል።

በኦክቶበር 1946 መላው በርሊን ሲመርጥ ውሕደቱን ያልተቀበሉት ሶሻል ዴሞክራቶች 48.7 በመቶ፣ አዲሱ ፓርቲ 19.8 በመቶ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ፓርቲው በሚገዛው ምድር እንዲህ ላለ ፍርድ አልቀረበም፤ በሜይ 1949 ለሕዝቡ የቀረበለት አንድ የእጩዎች ዝርዝር ነበር፣ ወይ መቀበል ወይ መቃወም። የሚገርመው፣ ሌሎቹ ፓርቲዎች አልተዘጉም። ክርስቲያን ዴሞክራቶች ስማቸውንና መቀመጫቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ ሊቀ መንበራቸው ያኮብ ካይዘር ግን በዲሴምበር 1947 በሶቪየቶች ትእዛዝ ከሥልጣኑ ተነሣ፣ በቦታውም ታዛዥ ተተካ።

በ1946ቱ ምርጫ 21 ዓመት የሞላት የምሥራቅ በርሊን ሴት ዳግመኛ በነጻነት የመረጠችው በማርች 1990፣ በ64 ዓመቷ ነው።